የማሲንቆ ቅጂ ሲዘገይ ቃናው እንዳይወርድ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር አንድ ምሽት በስልኬ የቀዳሁትን የአንቺ ሆዬ ማሲንቆ ለመለማመድ ፍጥነቱን መቀነስ ፈለግኩ። የአዝማሪው ጣት በዓይንም በጆሮም አይያዝም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ሌላው እንዳይለፋ ልጻፈው።

መጀመሪያ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ «ቼንጅ ስፒድ»ን ከፍቼ 0.8 አልኩት። ዘገየ፤ ግን ቃናውም አብሮ አራት ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ገደማ ወረደ። እኔ የቃኘሁት ማሲንቆ ከቅጂው ጋር አልገጥም አለ። ቀጥሎ በ«ቼንጅ ፒች» መልሼ ከፍ አደረግኩት። ቃናው ተመለሰ፤ የፈረስ ጭራው ግን ቆርቆሮ የሚፋቅ መሰለ። ያንን ለማስተካከል ስታገል ሙሉ ቀን ሄደ።

የሚያስፈልገው «ቼንጅ ቴምፖ» ነበር። «ኢፌክት» ውስጥ፣ «ፒች ኤንድ ቴምፖ» ስር አለ። ዋናውን ቅጂ እንደ አዲስ ከፈትኩና «ፐርሰንት ቼንጅ» ላይ -20 ጻፍኩ። ቃናው ንቅንቅ አላለም። ሆኖም ረዘም ብሎ በሚሳበው ድምፅ ላይ ያዝ ለቀቅ የሚል መንቀጥቀጥ መጣ። ይሄኔ ተስፋ ልቆርጥ ነበር።

መፍትሔው እዚያው መስኮት ላይ፣ ከታች ያለችው ትንሽ ሳጥን ነበረች፦ «ዩዝ ሃይ ኳሊቲ ስትሬቺንግ»። ምልክት አድርጌባት ደግሜ ሞከርኩ። ደጋኑ አቅጣጫ ሲቀይር የምትሰማው ሲርር የምትል ድምፅ እንኳ ሳትቀር ጥርት ብላ ወጣች።

ጊዜ ግን ይወስዳል። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ሻይ ጠጥቶ መምጣት ይቻላል። ስለዚህ ሙሉውን ሳይሆን የምትለማመዱትን ክፍል ብቻ ምረጡ። ከበሮ ካለበት ምቱን ትንሽ ያደበዝዘዋል፤ ለእሱ ሳጥኗን ባዶ መተው ይሻላል።