ቆሞ የከረመ ቮልስ ስናስነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

የአባቴ ቮልስ ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ ጣራ ሥር 11 ዓመት ቆመች። አባቴ ካረፈ በኋላ ማንም ሊነካት አልደፈረም። እናቴ በዓል ሲደርስ አቧራዋን ታራግፍላታለች፣ የጎረቤት ልጆች ውስጧ ገብተው ሹፌርና ረዳት ይጫወታሉ፣ ዶሮም የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ጥላ ታውቃለች። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል ነው ከወንድሜ ጋር «ይቺን ለምን አናስነሳትም?» የተባባልነው። ከዚያ ወዲህ የዘመድና የጎረቤት ቮልሶች ሲነሱም አጠገባቸው ነበርኩ፣ እጄንም አስገብቻለሁ።

ሁሉም ሰው የሚቸኩለው የሞተሩን ድምፅ ለመስማት ነው። ሞተሩ ሲነሳ እልል ይባላል፣ ቡና ይፈላል። ግን ቆሞ በከረመ መኪና ላይ ማስነሳቱ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ማቆሙ ነው። ስለዚህ እኔም ከዚያው ልጀምር።

ፍሬኑን ሳይነኩ ሞተር ማስነሳት

ይህን ስህተት እኔው ሠርቼዋለሁ። አዲስ ባትሪ ገጠምን፣ ቤንዚን ጨመርን፣ የሰፈር ልጆች በስፒንታ ገፉልን፣ ተነሳች። ከደስታዬ ብዛት ግቢው ውስጥ አንድ ዙር ልዞር ብዬ ማርሽ አስገባሁ። ፍሬኑ መጀመሪያ ስረግጠው ያዘ። ሁለተኛ ስረግጠው ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ፣ እኛም የብረት በሩን ገጭተን ቆምን። ደግነቱ በሩ ጋ ሰው አልነበረም። ከመግፋት የተመለሱት ልጆች ከኋላ ሳይሆን ከፊት ቢሆኑ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይረበሻል።

ምን ሆኖ ነው? የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። መኪናው ሲነዳም ሲቆምም ይስባል። በ11 ክረምት ውስጥ የገባው ውኃ ዋናውን የፍሬን ፓምፕና በየጎማው ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ፓምፖች ከውስጥ ያዝጋቸዋል። ጎሚኒዎቹ (ፓምፖቹ ውስጥ ሆነው ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚይዙት ትንንሽ ጎማዎች) ደግሞ ይደርቃሉ። ስትረግጡት የደረቀው ጎሚኒ በዛገው ግድግዳ ላይ ይፋቃል፣ ይቀደዳል፣ ዘይቱ ያመልጣል። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በተሠሩት ቮልሶች ላይ ነገሩ የባሰ ነው፤ የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ስለሆነ አንድ ቦታ ሲፈስ አራቱም ጎማ ላይ ፍሬን ያጣሉ።

ስለዚህ መኪናውን በክሪክ አንሱት፣ ከሥሩ ጠንካራ ማቆሚያ አድርጉ (ክሪክ ብቻውን አይታመንም)፣ አራቱንም ጎማ ፍቱ። ፓምፖቹን ክፈቱና እዩ። ከጎማ የተሠሩትን አራቱን የፍሬን ዘይት ቱቦዎች፣ የፊቱንም የኋላውንም፣ ሳትጠራጠሩ ቀይሩ። እነዚህ ቱቦዎች ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ አብጠው ይዘጋሉ፤ ያን ጊዜ ፍሬኑ ይይዝና አይለቅም፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት አለ፣ ይህንንም እኔው ነኝ የሠራሁት። ፓምፑን ፈትቼ አጽድቼ መልሼ ገጠምኩ፣ በሁለተኛው ቀን ፍሬኑ ተጣበቀ። በወጣትነታቸው ቮልስ ብቻ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ለምኜ አመጣሁ። «ልጄ፣ ጎሚኒውን በምን አጠብከው?» አሉኝ። «በቤንዚን፣ ጋሼ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አውጥተው ሲያሳዩኝ ጎሚኒው አብጦ ከአዲሱ አንድ ተኩል ሆኗል። የፍሬን ጎሚኒ ቤንዚን፣ ናፍጣም ሆነ የሞተር ዘይት መንካት የለበትም። የሚታጠበው በራሱ በፍሬን ዘይት ነው። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ነገር አንድ የቤንዚን ባልዲ ውስጥ ሲነከር አያለሁ፤ እባካችሁ፣ የእናንተ ሲሆን ቆማችሁ ተቆጣጠሩ።

የድሮውን ቤንዚንና የድሮውን ቱቦ ማመን

ቮልስ ሞተሩ ከኋላ፣ የቤንዚን ታንኩ ከፊት ነው። ቤንዚኑ ከተሳፋሪው እግር ፊት ለፊት ተነስቶ መኪናውን ሙሉ አቋርጦ ነው ሞተሩ ጋ የሚደርሰው። በዚህ መንገድ ላይ ያለ እያንዳንዱ የጎማ ቱቦ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ታንኩ ውስጥ የቆየው ቤንዚን በጠረኑ ይታወቃል፤ እንደ ቀለም ይሸታል። እሱ ላይ አዲስ ቤንዚን ደርቦ ማስነሳት ዝቃጩን ሁሉ ወደ ካርቡሬተር መላክ ነው። አውጡት፣ ታንኩን ፈታችሁ ዝገቱን እጠቡ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ቤንዚን ለዓመታት ከኢታኖል ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥ ቆይቷል። ኢታኖል ውኃ ይስባል፣ የድሮ ጎማም አይስማማውም።

ቱቦውን በተመለከተ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ቮልስ መንገድ ላይ ሲቃጠል አይታችሁ ወይም ሰምታችሁ ይሆናል። አንዱ ምክንያት ሞተሩ ላይ ያለችው አጭር ቱቦ ናት። ከቤንዚን ፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ ስትሄድ እሳት ከሚያድለው ዲስትሪቢዩተር አጠገብ ታልፋለች። እሷ ላይ የምትወጣ አንዲት ጠብታ ትበቃለች። የሞተሩ አካል ደግሞ ማግኒዥየም ያለበት ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ በውኃ አይጠፋም፣ ይብስበታል። የእሳት ማጥፊያ ገዝታችሁ ከአጠገባችሁ ሳታስቀምጡ አታስነሱ። ቱቦዎቹን ከታንኩ ሥር ያለችውን፣ ካምቢዮው ጋ ያለችውን፣ ሞተሩ ላይ ያሉትን፣ ሁሉንም ቀይሩ። ስትገዙ የቤንዚን ቱቦ መሆኑን አረጋግጡ፣ መለዋወጫ ሱቅ ሄዳችሁ ቀጭን ቱቦ ብላችሁ ብቻ ከጠየቃችሁ የውኃውንም ሊቆርጡላችሁ ይችላሉ። የካርቡሬተሩን የናስ አፍ ደግሞ በእጃችሁ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከላላ ከነቱቦው ወልቆ መውጣቱ አይቀርም።

የደረቀ ሞተር በግድ ማዞር

ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት አራቱን ካንዴላ ፍቱ። በየቀዳዳው ትንሽ የሞተር ዘይት አንጠባጥቡና አሳድሩት። በማግስቱ የዲናሞውን ቡሎን በ21 ቁልፍ ይዛችሁ በእጅ በቀስታ ወደ ቀኝ አዙሩ። ዞረ? እሰየው። አልዞረም? ጨምሩበት፣ ሌላ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁት። በስፒንታ ወይም በሌላ መኪና ጎትቶ በግድ ማዞር ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ይሰብራል። እኛ ዕድለኞች ስለነበርን ነው እንጂ ያን ቀን እሱንም ልናጠፋው እንችል ነበር።

ዘይቱንም ቀይሩ። ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው የሚይዘው። ቮልስ የዘይት ፊልትሮ የለውም፣ ከሥር የሽቦ ወንፊት ነው ያለው። ወንፊቱን አውጥታችሁ አጽዱ፣ እግረ መንገዳችሁንም በጣታችሁ ዳስሱት፤ የብረት ብናኝ ካለበት ሞተሩ ሌላ ታሪክ አለው ማለት ነው። ከዚያ ካንዴላው እንደተፈታ በሞተሪኖ አዙሩት፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ካንዴላውን መልሱ።

«ራዲያተር ስለሌለው አይሞቅም» ማለት

ቮልስ ውኃ የለውም፣ እውነት ነው። የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። አየሩን የሚገፋው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ነው ያለው፣ ሁለቱንም የምታዞረው አንዲት ቺንጋ ናት። ቺንጋዋ ስትበጠስ የባትሪው መብራት ይበራል፣ ሰውም «ባትሪ አልሞላም ማለት ነው፣ ቤት ደርሼ አየዋለሁ» ብሎ ይነዳል። ያን ጊዜ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ምንም ነገር የለም። መብራቱ ሲበራ ወዲያው ቁሙ።

ቆሞ የከረመ ላይ ደግሞ አይጥ አለች። የማራገቢያው ቤት ለአይጥ ከምንም የበለጠ ቤት ነው፤ ጨለማ፣ ደረቅ፣ ጠባብ። ከእኛዋ ውስጥ የወንበር ጭድ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወጥቷል። ይህ ሁሉ ሲሊንደሮቹ ላይ ተቀምጦ ሞተሩ ቢሠራ በአሥርና በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይጋገር ነበር። ላሜራውን ፈታችሁ ሳታዩ አታስነሱ። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ጠርዝ ከጎደለም ተኩት፤ ሥራው ከታች የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ እንዳይሳብ መከልከል ነው።

ባትሪውን ሳይሸፍኑ ወንበሩን መመለስ

ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወንበሩ የሽቦ ሞላ አለው። ከባድ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ይነካል፣ ብልጭ ይላል፣ የወንበሩ ሙሊት ይያያዛል። ክዳኑ ከጠፋ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ አልብሱት። አሮጌዎቹ ባለ 6 ቮልት መሆናቸውንም አትርሱ፣ 12 ቮልት ከሰካችሁባቸው አምፖሉ ሁሉ ይቃጠላል። ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለልም እዩት። አሲድ ስለሚንጠባጠብበት ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው።

ጥርሱ አለ ብሎ ጎማውን መተው

የአባቴ ጎማዎች አዲስ ይመስሉ ነበር። ጎኑ ላይ ያለውን ባለአራት አኃዝ ቁጥር አንብቡ፤ 2309 ካለ እ.ኤ.አ. በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቁጥሩ ሦስት ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፣ አትሞክሩት። ለዓመታት በአንድ ቦታ የቆመ ጎማ ጎኑ ይሰነጣጠቃል፣ መሬት የነካው በኩልም ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ካላማዳሪውንም አብራችሁ ቀይሩ።

ከቀለም መጀመር

ይህን ሳይ እናደዳለሁ። ያለውን ገንዘብ ሁሉ በቀለምና በወንበር ልብስ ጨርሰው ፍሬን ላይ ሲደርሱ «ለጊዜው ይሁን» የሚሉ አሉ። ቀለም የመጨረሻ ነው። ደግሞ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ቀድማችሁ ብትቀቡት ስትሠሩ ታበላሹታላችሁ።

ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ማየት

አንድ ብር ሳታወጡ ሊብሬውን አውጡ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር መሐል ላይ፣ የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ተመትቷል። ቮልስ ሞተሩ የተያዘው በአራት ቡሎን ስለሆነ መቀየር ቀላል ነው፤ ከ30 ዓመት በፊት ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ሳይመዘገብ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ካልገጠመ እሱን መጨረስ ከሞተሩ ሥራ ሊረዝም ይችላል። ባለቤቱ ካረፈ ደግሞ የውርስ ጉዳዩ ይቀድማል። ያለ ቦሎና ያለ ሦስተኛ ወገን መድን «እዚህችው ድረስ» ብላችሁ መንገድ አትውጡ። ሰው ብትገጩ የሚደርስበትን አስቡ።

በመጀመሪያው ቀን ሩቅ መሄድ

ተነሳች፣ ያዘች፣ ቦሎም ለጠፋችሁ። እሑድ ቤተሰብ ጭናችሁ ወደ ናዝሬት አትውረዱ። መጀመሪያ ሜዳ በሆነ የሰፈር መንገድ ላይ ብቻችሁን ንዱ፤ የእጅ ፍሬኑ በገመድ ስለሚሠራ ዋናው ቢከዳችሁ የሚደርስላችሁ እሱ ነው፣ ቀድማችሁ ሞክሩት። ቆም ብላችሁ አራቱንም ቸርኬ በእጅ ዳስሱ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም። ከጥቂት ቀን በኋላ የሞተሩን ዘይት እንደገና ቀይሩ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለም ቫልቩን 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክሉ። ካርቡሬተሩ ለአዲስ አበባ ቀጭን አየር ተስተካክሎ ከሆነ ደግሞ ወደ አዋሽ ስትወርዱ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ይግላል፤ ሩቅ ከመሄዳችሁ በፊት አሳዩት።

ማታ ስታቆሟት ከሥሯ ሰፊ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ጎትታችሁ አውጡትና እዩ። ከሞተሩ ሥር ጥቂት ጥቁር ጠብታ ካለ የቮልስ ነገር ነው፣ ዘይቱን እየለካችሁ ንዱ። ጎማዎቹ ጋ ጠብታ ካለ ወይም ካርቶኑ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ግን ቁልፉን መልሳችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፣ የዚያን ቀን በታክሲ ሂዱ።