ከ60 ዓመት በኋላ ወዳጅ ማፍራትና ማቆየት በደሴ

በደሴ ረጅም ዘመን የኖረ ሰው የሚያውቀው ሰው አያጣም፤ በቅሬው (በዕድሩ)፣ በሰርጉ፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰላምታ የሚለዋወጣቸው ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ፣ ልጆቹ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱ፣ የትዳር አጋሩ በሞት ሲለየው፣ ወይም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማውን ለቆ የወጣው ጎረቤቱ ሳይመለስ ሲቀር፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የልቡን የሚያጫውተው አንድ እንኳ እንደሌለ ይረዳል። መፍትሔው አዲስ ሰው ፍለጋ መውጣት አይመስለኝም፤ ከሚያውቋቸው መካከል አንድ ወይም ሁለት ሰው መርጦ፣ በታወቀ ቀን ደጋግሞ መገናኘት ነው።

ለመጀመር ከቅሬ የተሻለ ቦታ የለም። የቅሬ አባላት ድንኳን አብረው ይተክላሉ፣ ቀብር አብረው ይሸኛሉ፤ ሐዘኑ ሲያልፍ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። በለቅሶ ቤት ዘወትር ከአጠገብዎ የሚቀመጡትን፣ ወይም ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድዎ አንድ የሆነውን ሰው ያስቡ። ግብዣዎ ቀንና ሰዓት ይኑረው። «አንድ ቀን እንገናኝ» የሚለውን ማንም በአክብሮት ተቀብሎ ይረሳዋል፤ «ጋሼ፣ ሐሙስ በ10 ሰዓት እኛ ዘንድ ቡና ይጠጡ» የተባሉ ሰው ግን ይመጣሉ፣ ካልተመቻቸውም ሌላ ቀን ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ጥሪ ባይሳካ ቅር ሳይሰኙ በሚቀጥለው ሳምንት ደግመው ይጥሯቸው።

ከዚያ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ጄፍሪ ሆል የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለማደግ 50 ሰዓት ያህል፣ ወደ ቅርብ ወዳጅነት ለመድረስ ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ መቆየት እንደሚጠይቅ ገምተዋል። ጥናቱ የተሠራው መኖሪያ በቀየሩ ሰዎችና በአዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ስለሆነ ቁጥሩን ለአረጋውያን እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ ሆኖም በሳምንት 2 ሰዓት ብቻ የሚገናኙ ሰዎች 50 ሰዓት ለመሙላት 25 ሳምንት እንደሚፈጅባቸው ማስላት፣ በሁለተኛው ወር «አልተግባባንም» ብሎ ከመተው ያድናል።

ቡና ለዚህ ሁሉ ተስማሚ የሆነው ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ቆሎው ቀርቦ አቦሉ ሲጠጣ ወሬው ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብና ስለ ገበያ ነው። በቶናው ልጆች ይነሣሉ፤ ማን ደወለ፣ ማን ዝም አለ ይባላል። በረካው ሲቀዳ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ሰው ለልጁ የማይነግረውን የእንቅልፍ ማጣቱን፣ የገንዘብ ጭንቀቱን ወይም የሟች ባለቤቱን ናፍቆት የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ስለዚህ አቦሉን ጠጥቶ መነሣትን ልማድ አያድርጉ። ይህን በተለይ ለወንዶች እላለሁ፤ ሴቶቻችን የቡና ጎረቤታቸውን ዕድሜ ልካቸውን ይዘው ሲቆዩ፣ ወንዱ ግን ጓደኞቹን ሁሉ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ትቶ ይወጣል።

የመገናኛ ቦታ ሲመርጡ ጉልበትን ያስቡ። ደሴ አቀበትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ስለሆነች፣ ለአንዱ ቅርብ የሆነው ቤት ለሌላው ዳገት ሊሆን ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡና ጉሙ ሲበረታ ብዙ ወዳጅነት ይቋረጣል፤ ክረምቱ ሳይገባ «በዝናብ ቀን በስልክ እንጨዋወታለን» ተባብሎ መስማማት ይበጃል። ቆላ ቀመስ በሆነችው ኮምቦልቻ ደግሞ ከቀትሩ ሙቀት ይልቅ ጠዋቱ ወይም አመሻሹ ይመረጣል።

እርዳታ መጠየቅንም አይፈሩ። ብዙ አረጋውያን «ሰው ላለማስቸገር» ብለው ሁልጊዜ ሰጪ ብቻ መሆን ይፈልጋሉ፤ በዚህም ሌላው ሰው እንዲቀርባቸው በር ይዘጉበታል። የደም ግፊት ለመለካት ሐኪም ቤት አብሮ መሄድን ወይም ስልክ ላይ የጠፋ ቁጥር መፈለግን የመሰለ ትንሽ ነገር ይጠይቁ። ገንዘብ ማበደር ግን ገና ባልጠና ወዳጅነት ላይ ከባድ ሸክም ስለሆነ ቢቆይ ይሻላል።

በወሎ ወዳጅነት ሃይማኖት አይለየውም፤ በዒድና በፋሲካ መጠያየቅን አይተዉ፤ በጾም ቀን ለጿሚው የሚሆነውን አስቀድሞ ማሰብም አክብሮት ነው።

ወዳጅዎ ሁለት ጊዜ ከቀሩ ምክንያቱን ከሌላ ሰው ከመስማት ይልቅ ቤታቸው ሄደው ይጠይቁ። ከታመሙ «አብሽር» ብለው አጭር ቆይታ ያድርጉ፣ ግን በዚያው ሳምንት ይመለሱ። ሐዘን ከደረሰባቸው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ያሉት ሳምንታት ብቸኝነቱ የሚጸናባቸው ናቸውና ጉብኝትዎን ለዚያ ጊዜ ያቆዩ። ቅሬታ ከተፈጠረ ሦስተኛ ሰው ሳይሰማው ፊት ለፊት ይነጋገሩ፤ ካልሆነ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ይግባ። ጆሮ ከከበዳቸው ብዙ ሰው ባለበት አይጥሯቸው፤ ፊታቸውን እያዩ በዝግታ ይናገሩ። ዳገቱ ካቃታቸውም ቀኑንና ሰዓቱን ሳይለውጡ ቡናው እርሳቸው ቤት እንዲፈላ ያድርጉ።