የገጼን ማንነት ያጠራሁበት መንገድ

በዩቲዩብ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የማቀርባቸው ሥራዎች በተለያየ ስምና ምስል ይወጡ ስለነበር፣ አንዱን የወደደ ተመልካች ሌላው የእኔ መሆኑን ለማወቅ ይቸገር ነበር። መፍትሔው የተጀመረው ከአርማ ሳይሆን ከርዕሰ ጉዳይ ነው፤ ስለ አዲስ አበባ በጠቅላላው መናገሬን ትቼ በፒያሳና በአራት ኪሎ ነባር ሕንፃዎች ላይ ብቻ ለመሥራት ወሰንሁ።

ቲክቶክ ለግል መግለጫ የሚፈቅደው 80 ሆሄያት በመሆኑ፣ «የፒያሳንና የአራት ኪሎን ነባር ሕንፃዎች ታሪክ በአጭር ቪዲዮ እነግራችኋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ፣ ለቻናል መግለጫ እስከ 255 በሚፈቅደው ቴሌግራምም ሳላስረዝም ደገምሁት። ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጣይቱ ሆቴል ደጅ ቆሜ ስቀርጽ እንኳ ምን መተው እንዳለብኝ ይነግረኛል። የገጼንም ስም፣ በሦስቱም ቦታ በሌላ ሰው አለመያዙን አጣርቼ አንድ አደረግሁት። አሁን ተመልካቾች «የሰፈራችንን ሕንፃ መቼ ትሠሪልናለሽ?» እያሉ ይጠይቁኛል።