ከመጨማደድ ማለስለሻ መርፌ በኋላ አለርጂን መለየትና በወቅቱ እርዳታ ማግኘት፦ ለጅማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች

ከጅማ ተነሥተው የግንባራቸውንና የዓይናቸውን ዙሪያ መጨማደድ በመርፌ ለማስለስለስ አዲስ አበባ የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ ከውጭ አገር ተወግተው የሚመለሱም አሉ። ከባድ አለርጂ በእነዚህ መርፌዎች ምክንያት የሚከሰተው ከስንት አንዴ ነው። በተከሰተ ጊዜ ግን ሕይወትን የሚያድነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚደረገው ነገር ስለሆነ፣ ዝግጅቱ ከመወጋት በፊት መጀመር አለበት።

ምን እንደሚወጉ አስቀድመው ይወቁ

በተለምዶ ሁሉም «ቦቶክስ» ተብሎ ቢጠራም መርፌዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቦቱሊነም ቶክሲን ነው፤ የነርቭ ጫፍ ለጡንቻ መልእክት የሚያስተላልፍበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል እንዳይለቀቅ በማገድ ጡንቻውን ያዝናናል፤ ውጤቱም በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል። ሁለተኛው ፊለር ሲሆን፣ የጎደጎደውን የቆዳ ክፍል ከሥር ይሞላል፤ በአብዛኛው የሚሠራውም ከሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። አለርጂ ቢከሰት ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቅዎ የትኛውን እንደተወጉ ስለሆነ፣ የመድኃኒቱን ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ከብልቃጡ ወይም ከካርቶኑ ላይ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ብልቃጡን ላለማሳየት ምክንያት የሚደረድር ባለሙያ ካጋጠመዎ፣ በእኔ እምነት ከወንበሩ ተነሥተው መውጣት ይገባዎታል።

በብልቃጡ ውስጥ ያለው ዋናው መድኃኒት ብቻ አይደለም። ቦቶክስ በሚል የንግድ ስም በሚሸጠው የቦቱሊነም ምርት ውስጥ ከሰው ደም የተገኘ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲንና ጨው አለ። ዲስፖርት የተባለው ሌላው የቦቱሊነም ምርት ደግሞ ላክቶስ ያለበት ሲሆን ጥቂት የላም ወተት ፕሮቲንም ሊገኝበት ስለሚችል፣ ለላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው መወጋት የለበትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋ ወይም የሚያስቀምጠው ሰው ብዙውን ጊዜ ችግሩ ላክቶስን ካለመፍጨት የመጣ ነው፤ ወተት ቀምሶ ሰውነቱ ሽፍታ የሚያወጣ፣ ከንፈሩ የሚያብጥ ወይም ትንፋሹ የሚያጥር ሰው ግን የፕሮቲን አለርጂ ሊኖርበት ስለሚችል ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር መወጋት አይገባውም።

ሃያሉሮኒክ አሲድ በሰው ሰውነት ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ በመሆኑ አለርጂ የሚያስነሣው እምብዛም ነው። ቀደም ሲል በሥራ ላይ የነበረውና አሜሪካ ውስጥ በ1981 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፈቃድ ያገኘው ከከብት የተሠራ የኮላጅን ፊለር ግን አስቀድሞ የቆዳ ምርመራ ይጠይቅ ነበር። በዛሬዎቹ ፊለሮች ላይ ሊያጠራጥር የሚችለው ብዙ ጊዜ አብሮ የሚቀላቀለው ማደንዘዣ፣ ማለትም ሊዶኬይን ነው። ጥርስዎን ሲነቀሉ ወይም ቁስል ሲሰፋልዎ በማደንዘዣ ምክንያት ታመው ከነበረ ይህንኑ ይናገሩ። ቆዳ ማጽጃው ክሎርሄክሲዲንና የባለሙያው የላቴክስ ጓንትም አለርጂ ሊያስነሡ ይችላሉ።

በተለይ ለእኛ አካባቢ ሰው የሚነገር ሌላ ጉዳይ አለ። የጅማ፣ የከፋና የኢሉባቦር ሕዝብ ንብ አንቢ ስለሆነ፣ በንብ ተነድፎ መላ ሰውነቱ ያበጠ ወይም ራሱን የሳተ ሰው የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ፊለር ችግር ሲፈጥር ማሟሟት የሚቻለው ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኤንዛይም ሲሆን፣ በንብ መርዝ ውስጥም የዚሁ ዓይነት ኤንዛይም አለ። ስለዚህ ንብ ነድፎት ከባድ አለርጂ የተነሣበት ሰው ማሟሟቻው ራሱ አለርጂ ሊያስነሣበት ስለሚችል፣ ፊለር ከመወጋቱ በፊት ታሪኩን በግልጽ ማስረዳት አለበት።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም በስም ይዘርዝሩ። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ኤናላፕሪል ያለ ምንም መርፌ እንኳ ከንፈርንና ምላስን ሊያሳብጥ ይችላል፤ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ደግሞ ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን በሚፈለገው መጠን እንዳይሠራ ሊያደርጉ ይችላሉ። ይህን ሲያነቡ ግን መድኃኒትዎን በራስዎ ውሳኔ እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ፤ የሚጠበቅብዎ መናገር ብቻ ነው።

በዕለቱ

ከመወጋትዎ በፊት «አድሬናሊን እዚሁ ክፍል ውስጥ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ብልቃጡን እንዲያሳይዎ ቢጠይቁ ነውር የለበትም። አድሬናሊን የሌለበት፣ ወይም ቢኖርም የሚሰጠው ሰው የሌለበት ቦታ፣ የውበት ሳሎንም ሆነ የመኖሪያ ቤት፣ መርፌ የሚወጋበት ቦታ አይደለም። ከተወጉ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እዚያው ይቆዩ፤ ከባድ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ብቻዎን አይሂዱ።

አዲስ አበባ ለሚወጉ ሰዎች ደግሞ ምክሬ ጥብቅ ነው፤ በዚያው ዕለት አይመለሱ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የጊቤን ሸለቆ በሚወርዱበት ጊዜ ጉሮሮዎ ቢያብጥ በአቅራቢያዎ የሚደርስልዎ ሐኪም አይኖርም። የግድ ከሆነብዎ አብሮዎት የሚጓዘው ሰው በወሊሶና በወልቂጤ ሆስፒታሎች እንዳሉ ይወቅ።

የሚጠበቀውንና የማይጠበቀውን መለየት

መርፌው በገባበት ቦታ ላይ የምትታይ ትንሽ ጉብታ፣ መጠነኛ ሕመም፣ መጠቆር፣ ቀለል ያለ ራስ ምታት የሚጠበቁ ናቸው። ከፊለር በኋላ በተለይ ከንፈር ለጥቂት ቀናት ሊያብጥ ይችላል። አለርጂን የሚያመለክቱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ማሳከክ፣ እንዲሁም መርፌው ካረፈበት ቦታ ርቆ መታየት። ግንባሩን የተወጋ ሰው ደረቱን፣ ክንዱን ወይም የእጁን መዳፍ የሚበላው ከሆነ ነገሩ ከመርፌ ቁስል አልፏል።

ብዙ መጻሕፍት «ቆዳው ይቀላል» ብለው ይጽፋሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ሽፍታው የቆዳውን ቀለም እንደያዘ ወይም ትንሽ ጠቆር ብሎ ከፍ ያለ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሰውየውን ወደ መስኮት ያዙሩትና ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት አድርገው ይመልከቱ፤ ከዚያም በጣትዎ ጫፍ ቆዳውን ዳሰስ ያድርጉ። ዓይን ያለፈውን ጉብታ ጣት ያገኘዋል። ፊቱ መገርጣቱን ለማወቅም የታችኛውን ከንፈር ገለጥ አድርገው ድዱንና የከንፈሩን ውስጠኛ ክፍል ይመልከቱ። እብጠት ካለ ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ ያስምሩና ሰዓቱን ይጻፉ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ መሥመሩን አልፎ ከሆነ እየሰፋ ነው ማለት ነው። ለሐኪሙም ከብዙ ወሬ ይልቅ ይህ መሥመር ይጠቅመዋል።

ሽፍታውና ማሳከኩ ቆዳ ላይ ብቻ ከሆነና ትንፋሽ፣ ድምፅና ንቃት ደህና ከሆኑ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግና በባለሙያ ምክር እንደ ሴትሪዚን ያለ ፀረ-አለርጂ ኪኒን መውሰድ ሊበቃ ይችላል። ሰውየውን ግን ብቻውን አይተዉት። እብጠቱን ቅቤም ሆነ ሎሚ አይቀቡት፣ አይሹትም።

ከባድ አለርጂ ሲሆን

የድምፅ መጎርነን፣ የጉሮሮ መጥበብ ስሜት፣ የምላስ ማበጥ፣ ሲተነፍሱ ማፏጨት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ ማዞር፣ ራስን መሳት፤ ከእነዚህ አንዱ ከመርፌ በኋላ በድንገት ከታየ፣ ሽፍታ ባይኖርም እንኳ፣ አናፊላክሲስ የሚባለው ከባድ አለርጂ ነው ተብሎ መታሰብ አለበት። ቀዳሚው ሕክምና አድሬናሊን ነው። ባለሙያው በጭን ውጫዊ ጎን መካከል ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ ይወጋዋል፤ ለአዋቂ የተለመደው መጠን እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ለውጥ ካልታየ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሊደገም ይችላል። ፀረ-አለርጂ ኪኒንና ስቴሮይድ የአድሬናሊንን ቦታ አይተኩም፤ እነርሱን ሰጥቶ «ይሻለዋል» እያሉ መጠበቅ ሰው የሚሞትበት ስሕተት ነው።

ሰውየውን በጀርባው አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉ። ትንፋሽ ካጠረው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ፤ ካስመለሰው ወይም ራሱን ከሳተ በጎኑ ይተኛ። በድንገት ማስነሣትና ማስኬድ የደም ግፊቱን ሊጥለው ስለሚችል ወደ መኪናው ተሸክመው ይውሰዱት እንጂ በእግሩ አያስኬዱት። በከተማችን ቶሎ የሚገኘው ባጃጅ ነው፤ ነገር ግን ሰው ሊተኛበት ስለማይችል በመጀመሪያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጥሩ ወይም የኋላ ወንበር ያለው መኪና ይፈልጉ። ከባጃጅ ሌላ ከጠፋ አንድ ሰው ከኋላ ይደግፈው፣ እግሩም ወንበሩ ላይ ይዘርጋ። ወተት፣ ቡና ወይም ውኃ በአፉ አይስጡት።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ሸነን ጊቤ ሆስፒታል፣ የቀረበዎ የትኛውም ይሁን፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይግቡና «ከመርፌ በኋላ የመጣ አለርጂ ነው፤ መተንፈስ አቅቶታል» ብለው በአጭሩ ይናገሩ። መርፌው ለውበት ተብሎ የተወሰደ መሆኑን በሀፍረት አይደብቁ፤ ሐኪሙ የማያውቀውን ሊያክም አይችልም። ሕመሙ ከበረደ በኋላም ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ይቆዩ፤ ከአጋሮ፣ ከሰቃ ወይም ከሊሙ የመጣ ሰው ያን ሌሊት ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት ቢያድር ይሻላል።

አለርጂ የሚመስሉ ሌሎች አደጋዎች

ፊለር የደም ሥር ከዘጋ ቆዳው ይነጣል ወይም እንደ መረብ ይዥጎረጎራል፣ ኃይለኛ ሕመምም ይኖራል፤ ዓይን ሊጋርድም ይችላል። ይህ ኪኒን ተውጦ የሚጠበቅበት አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ወጋዎ ሐኪምና ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ቦቱሊነም ደግሞ ከተወጋበት ቦታ አልፎ ከተሰራጨ፣ ከሰዓታት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ መዋጥ ማቃት፣ የድምፅ መለወጥ፣ ነገሮችን ሁለት አድርጎ ማየትና የትንፋሽ መድከም ሊያስከትል ይችላል። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ ድካም ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንዲሁም ጄንታማይሲን የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የሚወስዱ ለዚህ ይበልጥ ሊጋለጡ ስለሚችሉ፣ ሐኪም ሳያማክሩ ሊወጉ አይገባም።

ከዳኑ በኋላ የመድኃኒቱን ስም፣ ቀኑንና የታየውን ምልክት በሕክምና ካርድዎ ላይ ያስጽፉ። ቦቱሊነም ለሥር የሰደደ ማይግሬንና ለአንገት ጡንቻ መኮማተርም ስለሚሰጥ፣ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሕመም ሊታዘዝልዎ ይችላል። የተፈጠረውንም ጉዳት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ወይም በሆስፒታሉ ፋርማሲ በሚገኘው ቢጫ ቅጽ ያሳውቁ፤ ያነሡት የብልቃጥ ፎቶና የምርት መለያ ቁጥር የሚያስፈልገው እዚህ ላይም ነው።