ቤት ባለው ክርና ጨርቅ ዳንቴልና ስፌት እንዴት ይሠራል?

ብዙዎቻችን ሥራ የምንጀምረው ንድፍ በመምረጥ ነው። ንድፉ ይመረጣል፣ የጎደለው ክር ይገዛል፣ በመጨረሻም የተረፈው ግማሽ ልቃቂት ካለፈው ትርፍ ጋር ተጠላልፎ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። እኔ ይህን ቅደም ተከተል ከገለበጥኩት ቆየሁ። መጀመሪያ ያለኝን አውጥቼ እፈትሻለሁ፤ ምን እንደምሠራ የምወስነው ከዚያ በኋላ ነው። ያለው ክርና ጨርቅ ራሱ ምን መሆን እንደሚችል ይናገራል።

ስለዚህ የተረፈውን ክር፣ የማይለበሰውን ሹራብና ካናቴራ፣ ያረጀውን አንሶላ፣ ሸሚዝና ሱሪ ሁሉ አንድ ቦታ ያውጡ። እጅ የሚቸኩለው በቀለም ለመለየት ነው፤ ቀለሙን ግን ለመጨረሻ ይተዉት። ክሩን በውፍረቱ፣ ጨርቁን በመለጠጡ ይለዩ። የሚለጠጥ ጨርቅ ከማይለጠጥ ጋር ሲሰፋ መሸብሸቡ አይቀርም። የውፍረት ልዩነት ግን መላ አለው፤ ሁለት ቀጫጭን ክሮችን አጣምሮ በአንድ ወፍራም ምትክ መሥራት ይቻላል።

ቀጥሎ ጥንካሬያቸውን ይፈትኑ። የቆየ የስፌት ክር በሁለት እጅ ሲሳብ በቀላሉ የሚበጠስ ከሆነ፣ ቀለሙ ምንም ቢያምር አይጠቅምም። አንሶላውን ደግሞ መስኮት ላይ ወደ ብርሃን ይዘርጉት። የሚሳሳው ብዙ ጊዜ ሰው የሚተኛበት መሐሉ ነው፤ ዳርና ዳሩ ለዓመታት ጠንካራ ሆኖ ይቆያል። ይህን ሳላውቅ ከአንሶላ መሐል የቆረጥኩት የዕቃ መያዣ ቦርሳ ገና በሁለተኛው ቀን ተቀደደ። የተቀደደው ስፌቱ ሳይሆን ከስፌቱ አጠገብ ያለው ጨርቅ ነበር። ያን ያህል ሰዓት የፈሰሰበት ሥራ እንዲህ ሲሆን ያሳዝናል።

የክሩ ዓይነት ካልታወቀ አጭር ቁራጭ በወረንጦ ይዘው፣ ውኃ ባለበት ሳህን ላይ ያቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ እንደ ዶቃ ይደርቃል። የቀለጠው ለትኩስ ድስት መያዣ አይሆንም፤ የጋለ ካውያም አይችልም።

ከካናቴራ የሚወጣ ክር

ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ክር የለም፤ ወፍራም ስለሆነ እያንዳንዱ ዓይን (አንድ የክር ቋጠሮ) በግልጽ ይታያል። ካናቴራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የታችኛውን ቅምቅማት፣ ከላይም ከብብቱ በታች ያለውን በአግድም ይቁረጡ። የሚቀረው ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ ጨርቅ ነው። አንዱን ጎን ወደ ሌላው ጎን አጥፈው፣ ጫፍ ለጫፍ ሳይገጥም 3 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ያቁሙ። ከታጠፈው በኩል ጀምረው በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ይሰንጥቁ፤ መቀሱ ያልተነባበረችውን 3 ሴንቲ ሜትር እንዳይነካ ይጠንቀቁ። አሁን ያልተቆረጠውን ክፍል ገልጠው፣ ከአንዱ ስንጥቅ ወደ ሚቀጥለው ስንጥቅ በሰያፍ ይቁረጡ። ቀጥ ብለው ከቆረጡ የሚያገኙት ብዙ ቀለበት ነው፤ በሰያፍ ሲሆን ግን ሙሉው ካናቴራ አንድ የማይቋረጥ ረጅም ክር ይሆናል። ክሩን እየሳቡ በእጅዎ ሲያሳልፉት ጠርዙ ወደ ውስጥ ይጠቀለልና ድቡልቡል ይሆናል።

በዚህ ክር ትንሽ ቅርጫት ይሥሩ። 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኪሮሽ (ጫፉ የቆለመመ የዳንቴል መሥሪያ) ይበቃል። ቀለበት ሠርተው 6 አጫጭር ዓይን ያስገቡ፤ አጭር ዓይን ማለት ኪሮሹን አስገብቶ ክር ማውጣት፣ ከዚያ ክሩን እንደገና ይዞ ኪሮሹ ላይ ባሉት ሁለት ቀለበቶች ውስጥ ማሳለፍ ነው። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ሲሠሩ 12 ይሆናል፤ ከዚያ በየዙሩ 6 እየጨመሩ ወደ 18፣ 24፣ 30 ይሂዱ። ዙሩ የሚጀምርበትን ቦታ በሌላ ቀለም ክር ምልክት ያድርጉበት። ጠርዙ ወደ ላይ እንደ ሳህን ከታጠፈ የጨመሩት አንሷል፤ እንደ ቀሚስ ጫፍ ከተወዛወዘ በዝቷል። ቂጡ የፈለጉት ስፋት ሲደርስ መጨመሩን አቁመው በእያንዳንዱ ዓይን አንድ አንድ ብቻ ይሥሩ፤ ግድግዳው በራሱ ይቆማል። የመጀመሪያውን የግድግዳ ዙር ከዓይኑ የኋላ ክር ላይ ብቻ ከሠሩት ማጠፊያው ስል ሆኖ ይወጣል።

በተረፈ ክር የሚሠራ ሰው የሚፈራው መንገድ ላይ እንዳያልቅበት ነው። ለዚህ የወጥ ቤት ሚዛን አለ። አንድ የግድግዳ ዙር ከመጀመርዎ በፊትና ከጨረሱ በኋላ ክሩን ይመዝኑ። አንድ ዙር 12 ግራም ከበላና 90 ግራም ከቀረ፣ 7 ዙር ሠርተው ለመጨረሻው ማሰሪያ 6 ግራም ይተርፍዎታል። ከግምት ይልቅ ሚዛኑን ይመኑ።

ሹራብ መተርተር

መቀስ ከማንሳትዎ በፊት ሹራቡን ገልብጠው የጎን ስፌቱን ይዩ። ጠርዙ ተቆርጦ በኦቨርሎክ (ጠርዝ እየቆረጠ በክር በሚጠቀልል የስፌት መኪና) የተሰፋ ከሆነ እያንዳንዱ መስመር ተቆርጧል፤ የሚያገኙት ቁርጥራጭ ነውና ይተዉት። ጠርዙ ሳይቆረጥ የተያያዘ ከሆነ ግን ስፌቱን ፈትተው ከላይ በኩል ውሉን ይፈልጉ። ውሉ ከተገኘ ሥራው ተሠርቷል። የሚወጣውን ክር ወንበር መደገፊያ ላይ ይጠምጥሙ፣ አራት ቦታ ላላ አድርገው በክር ይሰሩት፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ 20 ደቂቃ ዘፍዝፈው ሳይጨምቁ ይስቀሉት። የተጠማዘዘው የሱፍ ክር ሲደርቅ ይቃናል። በሙቅ ውኃ ታጥቦ የተኮማተረ ሱፍ አይተረተርም፤ እንደ ጨርቅ ቆርጦ መስፋት ይሻላል።

ከሸሚዝ የትራስ ልብስ

ዚፕ መግጠም የሚያስፈራው ሰው በዚህ ይጀምር፤ መክፈቻው ቀድሞ ተሰፍቷል። ሸሚዙን ቆልፈው ይገልብጡት። ለ40 ሴንቲ ሜትር ትራስ፣ ቁልፎቹን መሐል አድርገው ጎኑ 43 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሳሉ፤ ያለቀ የሳሙና ስባሪ ጥሩ ጠመኔ ነው፣ በእጥበትም ይለቃል። የፊቱንና የኋላውን ጨርቅ በእስፒል አያይዘው በመስመሩ ይቁረጡ። ከጠርዙ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው አራቱንም ጎን ይስፉ። ስፌቱ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቁልፍ ካለ አስቀድመው ይንቀሉት፤ መርፌ ይሰብራል። የስፌት መኪና ከሌለ በእጅ ወደ ኋላ እየተመለሱ መስፋት በቂ ጥንካሬ አለው። ቁልፎቹን ከፍተው ሲገለብጡት የትራሱ ልብስ ዝግጁ ነው።

ቀጭን የዳንቴል ክር ከተረፈ ጠርዙን ይከፍክፉበት። በቅድሚያ በመርፌ ዙሪያውን በየግማሽ ሴንቲ ሜትሩ ትንንሽ ቀለበት እየያዙ ይስፉ፤ ከዚያ ኪሮሹን በየቀለበቱ እያስገቡ ይሥሩ። የሚቆረጡትን የክር ጫፎች አይጣሉ። ከማሰሮ ክዳን በማይበልጥ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቀው ሲሰፏቸው የእስፒል መሰኪያ ይሆናሉ።