120 ዓመት መቁጠር፦ ኢብን ኸልዱንን ስንጠቅስ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፖለቲካ በተነሳበት ቡና ላይ አንድ መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው አይጠፋም። «ኢብን ኸልዱን እኮ ብሏል፤ የመንግሥት ዕድሜ 120 ዓመት ነው» ይላል። ከዚያ ሁሉም ጣቱን እያጠፈ መቁጠር ይጀምራል። እኔም ቆጥሬ አውቃለሁ። መጽሐፉን ደግሜ ሳነበው ነው ስንቱን አጣምሜ ይዤው እንደኖርኩ የገባኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩን እንደ ሰዓት መያዝ

ኢብን ኸልዱን በ1332 ቱኒስ ተወልዶ በ1406 ካይሮ ሞተ። የታሪክ ጸሐፊ፣ ቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) እና የቤተ መንግሥት ሹም ነበር። እስር ቤትም ገብቶ ያውቃል። አል-ሙቀዲማ የተባለውን መጽሐፉን በ1377 ሲጽፍ፣ አንድ ትውልድ 40 ዓመት ነው፤ ሥርወ መንግሥት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ትውልድ አያልፍም አለ። የመጀመሪያው ትውልድ ችግር ያጠነከረው ነው። ሁለተኛው ከተማ ገብቶ፣ ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ሲጠቀለል ዝም ይላል። ሦስተኛው ራሱን መከላከል እንኳ ያቅተዋል።

«አብዛኛውን ጊዜ» የምትለዋን ግን እንዘላታለን። የሚገፋው ባላንጣ ካልመጣ ያረጀ መንግሥት እንዳረጀ ሊቆይ እንደሚችል ራሱ ጽፏል። የኦቶማን ቱርኮች ከ600 ዓመት በላይ ቆይተዋል። ደግሞ እሱ የሚቆጥረው የገዢውን ቤት ዕድሜ እንጂ የአገሩን አይደለም።

አሰቢያን «ዘረኝነት» ብሎ መተርጎም

ይህኛው የእኛ ሰፈር በሽታ ነው። አሰቢያ የሚለውን የኢብን ኸልዱን ቃል ስንሰማ ቶሎ ብሔር ብሔር ይሸተናል። አሰቢያ ግን አንዱ ለሌላው እንዲቆም፣ ሲያስፈልግም እንዲሞት የሚያደርግ ትስስር ነው። ከሥጋ ዝምድና ይነሳል። በቃል ኪዳንና አብሮ በመኖር የመጣም ይገባበታል። ሃይማኖት ሲጨመርበት ይበረታል።

የሚገርመው ይህን ትስስር ማን ያፈርሰዋል የሚለው ነው። ንጉሡ ራሱ! ክብሩን ብቻውን ሊይዝ ሲፈልግ ዙፋን ላይ ያወጡትን ወገኖቹን ያርቃል፤ በምትካቸው ደመወዝተኛ ይቀጥራል። ደመወዝተኛ ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል።

ውድቀቱን ከኃጢአት ብቻ መፈለግ

«ቅንጦት ገባ፣ እምነት ላላ፣ መንግሥት ወደቀ።» ለስብከት ይመቻል። ኢብን ኸልዱንም ቅንጦትን ያነሳል፤ ግን እግረ መንገዱን ሒሳቡንም ያሳያል። መንግሥት ሲጀምር ግብሩ ትንሽ፣ ገቢው ብዙ ነው። ሰው ሠርቶ ስለሚተርፈው ይሠራል። ሲያረጅ ግብሩ ይበዛል፣ ገቢው ያንሳል። ገበሬውም ነጋዴውም «ለማን ብዬ?» ብሎ እጁን ይሰበስባል።

ገቢ ሲያንስ ሱልጣኑ ራሱ ወደ ንግድ ይገባል። ከሱልጣን ጋር ማን ይጫረታል? እህሉን በፈለገው ዋጋ ይወስዳል፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ነጋዴውን ግዛ ብሎ ያስገድዳል። የነጋዴው ካፒታል ያልቃል፤ ከእሱ ይሰበሰብ የነበረው ግብርም አብሮ ይደርቃል። ሱልጣኑ ያተረፈ መስሎት የራሱን ጎተራ ይቦረቡራል።

ስለ ግፍ በሚያወራው ምዕራፍ የታሪክ ጸሐፊው አል-መስዑዲ የመዘገበውን የጉጉቶች ታሪክ ይደግመዋል። የፋርሱ ንጉሥ ባህራም የጉጉት ጩኸት ሰምቶ ምን እንደሚሉ ሊቀ ካህናቱን ጠየቀው። እሱም ተረጎመለት፦ ወንዱ ጉጉት ለጋብቻ ሲጠይቃት ሴቲቱ 20 የፈረሱ መንደሮች ጥሎሽ ጠየቀች። ወንዱም «የዚህ ንጉሥ ዘመን ከቀጠለማ 1,000 እሰጥሻለሁ» አላት። ንጉሡ ደነገጠ። ካህኑም ገለጠለት፤ መሬቱን ከአራሾቹ ነጥቀህ ለባለሟሎችህ ሰጠህ፤ እነሱ አላረሱትም፣ ለአንተ ስለሚቀርቡም ግብር አልተጠየቁም፤ ሸክሙ የቀሩት አራሾች ላይ ወደቀና ቀያቸውን ጥለው ሄዱ። ባህራም መሬቱን መለሰ።

ኢብን ኸልዱን ግፍ ሲል ንብረት መንጠቅን ብቻ አይደለም። ሰውን ያለ ክፍያ ማሠራትንም ከከባዶቹ ግፎች ይቆጥረዋል።

«የእስልምና ሊቃውንት የሰበኩት መታዘዝን ብቻ ነው» ማለት

እኛ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንላለን። ብዙ ሰው የእስልምናን የፖለቲካ አስተሳሰብ በዚሁ ተረት ይለካዋል። «ያለ ሱልጣን ከማደር 60 ዓመት በግፈኛ መገዛት ይሻላል» የሚለውም ይጠቀሳል። አባባሉ አለ፤ ሐዲስ (የነቢዩ ቃል) ግን አይደለም።

በሌላ በኩል አቡበክር ኸሊፋ ሲሆኑ «ባጠፋ አቅኑኝ» ማለታቸው ተዘግቧል። በ833 ኸሊፋው አል-መእሙን የሃይማኖት አቋም በትእዛዝ ሊጭን ሞከረ። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል እምቢ አሉ፤ ታሰሩ፣ በተተኪው ዘመን ተገረፉ። በመጨረሻ ቤተ መንግሥቱ ሐሳቡን ተወው። በ1260 ግብጽ ከሞንጎሎች ጋር ልትዋጋ ስትል ለጦርነቱ ግብር ይጣል ተባለ። ሼኽ ኢዝ አድ-ዲን ኢብን አብድ አስ-ሰላም መጀመሪያ የአሚሮቹ (የጦር አዛዦቹ) ወርቅ ይውጣ እንዳሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ።

ከድፍረቱ ጀርባ ግን ንብረትም ነበረ። ወቅፍ፣ ማለትም ለአላህ ተብሎ ለበጎ ሥራ የተሰጠ ንብረት፣ በሸሪዓ አይነጠቅም። ብዙ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የሚተዳደረው፣ ብዙ ዓሊምም (የሃይማኖት ሊቅ) የሚበላው ከዚያ ነበር። እንጀራህ ከቤተ መንግሥት ካልመጣ እምቢ ማለት ይቀላል። የግብጹ ገዢ ሙሐመድ ዓሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የወቅፍ መሬት ላይ እጁን ያሳረፈው በከንቱ አይመስለኝም።

«ሕገ መንግሥት ድሮም ነበረን» ማለት

ይህ የተገላቢጦሹ ነው። ሹራ ምክክር ነው፤ ገዢውን የሚያስገድድ ፓርላማ አልነበረም። በ1058 የሞተው የሕግ ሊቅ አል-ማወርዲ ኸሊፋን የሚመርጡት ስንት ይሁኑ ሲል አምስት ያሉም፣ አንድ ሰው ይበቃል ያሉም እንደነበሩ ጽፏል። ገዢን ማውረድ ሲመጣ ደግሞ ፈትዋ (የሃይማኖት ሊቅ ብይን) ብቻውን አይበቃም። በ1648 የኦቶማኑ ሱልጣን ኢብራሂም በፈትዋ ሲወርድ የሱልጣኑ የራሱ ጦር፣ ጃኒሳሪ የሚባለው፣ አብሮ ተነስቶ ነበር።

የተጻፈ ሕገ መንግሥት በ1861 ቱኒስ ውስጥ ወጣ፤ በኢብን ኸልዱን የትውልድ ከተማ። የሕጉ ትልቅ ደጋፊ ኸይረዲን ፓሻ ብዙም ሳይቆይ ከኃላፊነቱ ለቀቀ። ቤተ መንግሥቱ ብድር ተጭኖት ስለነበር በነፍስ ወከፍ የሚከፈለውን ግብር ከ36 ወደ 72 ፒያስተር አሳደገው። በ1864 አገሩ አመፀ፤ ሕገ መንግሥቱም ታገደ። በ1869 የቱኒስን ገንዘብ የሚቆጣጠር የአውሮፓ አበዳሪዎች ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1881 ፈረንሳይ ገባች።