መልሶ የተጨመረባችሁን አሟልታችሁ ቀድማችሁ ስትናገሩ፤ የፖከር መመሪያ

ደሴ እያደርኩ ኮምቦልቻ እሠራለሁ፤ የእህል መጋዘን ሒሳብ ያዥ ነኝ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ማለቂያ የለውም። እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት ከሚኒባሱ ጋቢና ተቀምጬ ሾፌሮቹን ተመለከትኩ። ፊት የሚሄደው መታጠፊያውን እየዳሰሰ ይነዳል፤ ከኋላው ያለው የፊተኛውን መብራት እያየ ይከተላል። ፊተኛው ፍሬን ሲይዝ ኋለኛው ያውቃል፤ ኋለኛው ሊያደርግ ያሰበውን ግን ፊተኛው አያውቅም። ፖከር ላይ ቀድሞ መናገር ይኸው ነው።

ማታ ማታ ኮምቦልቻ ከሚኖረው ታናሽ ወንድሜና ከአራት ጓደኞቻችን ጋር በስልክ እንጫወታለን። ጠጠሩ ወደ ብር አይመነዘርም፤ ጨዋታውን ግን ከልባችን ነው የምንይዘው። የተሸነፍኩባቸውን ዙሮች በደብተር መመዝገብ ስጀምር አንድ ዓይነት ዙር ደጋግሞ መጣ፦ እኔ እጨምራለሁ፣ ከእኔ በኋላ የሚናገር ሰው መልሶ ይጨምራል፣ እኔ አሟላለሁ፣ ከዚያ ጠጠሬ ያልቃል። ወንድሜ አንድ ማታ «ጋሼ፣ አንተ ረከሰ ብለህ ትገዛለህ» አለኝ። ቃሉ ከነከነኝ፤ ልክ ነበርና።

ማሟላት የምለው የተጠየቁትን ከፍሎ መቀጠልን (ኮል)፣ ማሳለፍ ምንም ሳያስቀምጡ ተራን መልቀቅን (ቼክ)፣ ጠጠር ደግሞ ቺፑን ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ይታደላል፤ ከዚያ የሁሉም የሆኑ አምስት ካርታዎች መሐል ላይ ይገለጣሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ፍሎፕ፣ አራተኛው ተርን፣ አምስተኛው ሪቨር ይባላሉ።

ሒሳቡን እንየው። ብላይንዶቹ፣ ማለትም ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ በግዴታ የሚያስቀምጧቸው ጠጠሮች፣ 50 እና 100 ናቸው፤ ሁላችንም 10,000 ጠጠር ይዘናል። እኔ 250 አደረግሁት፤ በአዳዩ ወንበር፣ ከፍሎፕ ጀምሮ መጨረሻ በሚናገርበት ቦታ፣ ያለው ወንድሜ 800 አለ፤ ብላይንድ ያስቀመጡት ሁለቱ ካርታቸውን ጣሉ። ከእኔ የሚፈለገው 550 ብቻ ነው። ባሟላ መሐል የሚከማቸው 1,750 ስለሚሆን ድርሻዬ 31 በመቶ ገደማ ነው። ከሦስት ጊዜ አንዱን ካሸነፍኩ ያዋጣኛል እል ነበር። ይህ ስሌት ግን የሚሠራው ከዚህ በኋላ ማንም ሳይጨምር አምስቱም ካርታ ቢገለጥ ነው። እያንዳንዳችን ገና 9,200 ቀርቶናል፤ መሐል ካለው ከአምስት እጥፍ በላይ። ሦስት ጊዜ እጠየቃለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ። ማስቀመጫ የሌለው ሰው ዋጋው ረከሰ ብሎ ጤፍ አይሸምትም።

ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው ከማሟላታችሁ በፊት ነው። ከሰባት እስከ ጃክ ያሉ ጥንዶችን፣ ምልክታቸው አንድ የሆነ አስና ኩዊን፣ ኪንግና ኩዊን፣ ጃክና አስር የመሳሰሉትን አሟሉ። ምልክታቸው የተለያየ አስና ጃክ ወይም ኪንግና ኩዊን ከሆኑ ጣሉ። መልክ አላቸው፤ ነገር ግን ኪንግ ሲገለጥላችሁ የጨመረባችሁ ሰው አስና ኪንግ ይዞ ይጠብቃችኋል። በትንሽ ኪሳራ ሳይሆን በትልቅ የምትሸነፉት በእነዚህ ነው። ሁለት አስ ወይም ሁለት ኪንግ ሲደርሳችሁ አብዛኛውን ጊዜ አታሟሉ፤ ወደ 2,000 ገደማ መልሳችሁ ጨምሩ። ምልክታቸው አንድ የሆነ አስና አምስትም አልፎ አልፎ ለዚሁ ይሆናሉ። አንድ አስ በእጃችሁ ሲሆን ተቃዋሚያችሁ ሁለት አስ ሊይዝ የሚችልባቸው 6 መንገዶች ወደ 3፣ አስና ኪንግ የሚይዝባቸው 16 መንገዶች ወደ 12 ይወርዳሉና።

ትንንሽ ጥንዶች ላይ ልጠንቀቅ። ሁለት አምስት ይዛችሁ ሦስተኛው አምስት ፍሎፕ ላይ የሚመጣው ከስምንት ተኩል ጊዜ አንዴ ገደማ ነው። ተቃዋሚው 10,000 ይዞ ከጀመረ ሊያስኬድ ይችላል፤ የቀረው 3,000 ብቻ ከሆነ ግን ሲመጣላችሁ የምታገኙት ሳይመጣ የከፈላችሁትን አይሸፍንም።

ፍሎፕ ሲገለጥ አሳልፉ። ቆንጆ ካርታ ቢመጣም አሳልፉ። መልሶ የጨመረው ሰው ብርቱ ካርታ እንዳለው ተናግሯል፤ ቃሉን እንዲቀጥል ዕድል ስጡት። ዘወትር የሚመጣው ትንሽ ጥያቄ ነው፤ 600 እንበል። እዚህ ሁለት ሰዎች ይሳሳታሉ። አንደኛው ያልገጠመለት ሁሉ ይጥላል። ተቃዋሚው 1,750 ለመውሰድ የሚያወጣው 600 ስለሆነ ከአራት ጊዜ ከአንዴ በላይ የምትጥሉለት ከሆነ ማንኛውንም ካርታ ይዞ ያተርፍባችኋል። ሁለተኛው ሁሉንም ያሟላል፤ በእርሱ ላይ ቀጥሎ እመለሳለሁ።

ልዩነቱን የሚነግራችሁ የተገለጠው ካርታ ነው። አስ ወይም ኪንግ ያለበት ደረቅ ፍሎፕ (ካርታዎቹ የተራራቁ፣ ምልክታቸውም የተለያየ) የእርሱ ነው፤ ሁለት አስ፣ ሁለት ኪንግ፣ አስና ኪንግ በእርሱ እጅ በብዛት አሉ፣ እናንተ ግን እነዚህን ብትይዙ ኖሮ መልሳችሁ ትጨምሩ ነበር። እንዲህ ባለው ላይ ማሟላትና መጣል እንጂ መጨመር አታብዙ። ስምንት፣ ስድስትና ሁለት የመሰለ ዝቅ ያለ ፍሎፕ ሲመጣ ግን ነገሩ ይቀየራል፤ የእርሱ አስና ኪንግ ገና ምንም አላገኙም። አሳልፋችሁ 600 ሲል ወደ 1,900 የምትጨምሩት እዚህ ነው፤ ከእነዚህ የሚበልጥ ጥንድ ይዛችሁ፣ አንዳንዴም ምልክታቸው አንድ የሆነ አራት ካርታ ኖሯችሁ አምስተኛውን እየጠበቃችሁ። እንዲህ አራት ካላችሁ በሁለቱ ቀሪ ካርታዎች 35 በመቶ፣ በአንዱ ብቻ 19 በመቶ ገደማ ይሞላላችኋል።

በደብተሬ ካሉት አንዱን ልንገራችሁ። ሁለት አስር ይዤ ይኸው ፍሎፕ መጣ። አሳለፍኩ፣ ወንድሜ 600 አለ፣ 1,900 አልኩ፣ አሟላ። ተርን ላይ ኪንግ ተገለጠ። በፊት ቢሆን ፈርቼ ትልቅ ጠጠር አስቀምጥ ነበር፤ አሁን አሳለፍኩ። እርሱም አሳለፈ። ኪንግ ያለው ሰው እዚያ ዝም አይልም፤ ስለዚህ ሪቨር ላይ አራት ሲወጣ 1,800 ጠየቅሁት። አስና ስምንት ይዞ ከፈለኝ። ተቃዋሚ ተርን ላይ ሲያሳልፍ ከኋላችሁ የነበረው መብራት ለአፍታ ታያችሁ ማለት ነው፤ መካከለኛ ካርታችሁን ሪቨር ላይ ለማስከፈል አትፍሩ።

አሁን ሁሉን ስለሚያሟላው ሰው። ፍሎፕ ላይ 600 ስታሟሉ መሐሉ 2,950 ይሆናል። ተርን ላይ 2,000 ተጠይቃችሁ ብታሟሉ መሐሉ 6,950፣ በእጃችሁ የቀረው 6,600 ነው። የሚቀጥለው ጥያቄ ያላችሁን በሙሉ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 2,000 ከመክፈላችሁ በፊት «6,600ውንስ በየትኛው ሪቨር እከፍላለሁ?» በሉ። የምትከፍሉባቸውን ካርታዎች መዘርዘር ካልቻላችሁ ያን ጊዜውኑ ጣሉ። እኔ ለዓመታት ሳልጠይቅ ያለፍኩት ጥያቄ ይህ ነው።

ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ሰፈር ለምትጫወቱ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰዓታችሁ ሲያልቅ ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ጥያቄ ከሌለ ያሳልፉላችኋል፣ ጥያቄ ካለ ካርታችሁን ይጥላሉ። መስመሩ በተረበሸ ማታ የምታሟሉባቸውን ካርታዎች በግማሽ ቀንሱ።

ለልምምድ የወረቀት ካርታ ይሻላል። ልታሟሉበት ያሰባችሁትን ሁለት ካርታ አውጡ፣ የቀሩትን 50 በውዙ፣ ሦስት ግለጡ። 600 ተጠየቃችሁ እንበል፤ ምን እንደምታደርጉና በየትኛው ተርን 2,000 እንደምትከፍሉ ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ። ሃያ ጊዜ ደጋግሙት። ከግማሹ በላይ መልስ ካጣችሁ ያ ካርታ ከምታሟሉበት ዝርዝር ይውጣ። ምልክታቸው የተለያየ ኪንግና ኩዊን ከእኔ ዝርዝር የወጡት መብራት በጠፋበት አንድ ማታ፣ ደሴ ቤቴ ውስጥ፣ በሻማ ብርሃን ነው።